ቤንዚን ከታንክ እስከ ሞተር
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአሜሪካን አገር በየጋራዡ የራሳቸውን አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለ ክንፉና ስለ ቀለሙ ዓመት ሙሉ ሲጨነቅ ኖሮ የቤንዚኑን ቧንቧ ለመጨረሻ የሚያስቀር ግን አይታጣም። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ስለ ተናቀው ቧንቧ ነው።

ዘፋኙ ጆን ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ወድቆ የሞተው ሌላ ሰው በሠራው እንዲህ ባለ አውሮፕላን ነው። ሠሪው ታንክ መለወጫውን ቫልቭ ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ አኑሮት ነበር። መርማሪዎች እንደ ገለጡት፥ አብራሪው እጀታውን ለማዞር ሲታገል ሳያውቀው የቀኙን ፔዳል ረገጠ። እንግዲህ ቫልቭ የሚቀመጠው እጅ በሚደርስበት ቦታ ነው።

ኢንጄክሽን ያለው ሞተር ሲሆን ጣጣው ይበዛል። ካርቡራተር በኢንች ካሬ ጥቂት ፓውንድ ግፊት ይበቃዋል፤ ኢንጄክሽን ግን 20፥ 30፥ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ችግሩ ያለው ፓምፑ ከሚገፋበት ይልቅ በሚስብበት በኩል ነው። የሚሳብ ቤንዚን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ከቀነሰና ከሞቀ ደግሞ ይፈላል፤ ፓምፑም እንፋሎት ብቻ ይዞ ይቀራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ይህ ይብሳል። ስለዚህ የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ከታንኩ አጠገብ፥ ዝቅ ባለ ቦታ ይሁን፤ በመሳቢያው በኩል ክርን አይብዛ፤ ቧንቧውም ከጭስ ማውጫው ይራቅ።

የኤሌክትሮኒክ ኢንጄክሽን ሞተሩ ያልተጠቀመበትን ቤንዚን ይመልሳል። ተመላሹ መግባት ያለበት ወደ ተቀዳበት ታንክ ነው። ወደ ሌላው ሙሉ ታንክ የተመለሰ እንደሆነ በአየር መተንፈሻው ሞልቶ ይፈስሳል፤ አብራሪውም ገና ብዙ አለኝ ሲል ያልቅበታል።

መጋጠሚያን በሚመለከት፥ የአውሮፕላኑ 37 ዲግሪ፥ የመኪናው 45 ዲግሪ ነው። ሁለቱን ማጋጠም ለእሳት መጥራት ነው።

በመጨረሻ መለካት አለ። በፓምፕ የሚሠራ ቧንቧ ሞተሩ ሲነሣ ከሚፈጀው 125 በመቶ ማፍሰስ አለበት። በሰዓት 60 ሊትር ለሚፈጅ ሞተር፥ አፍንጫው ቀና ብሎ፥ ቧንቧው ከሞተሩ ተፈትቶ በደቂቃ 1 ሊትር ከሩብ በባልዲ ይቀዳ። ካነሰ አውሮፕላኑ ከጋራዥ አይወጣም። ሥዕሉን በሰሌዳው ላይ ሠርተነዋል፤ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።