የእንጨት ማለስለሻ መኪና ከመተከሉ በፊት



የዛሬው ንግግራችን የአናጢ ጕዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም ለሥልጠና ተቋም ወይም በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች በመንግሥት ገንዘብ የሚገዛ መኪና ከአናጢው እጅ ከመድረሱ አስቀድሞ በመንግሥት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። የግዥውን ዝርዝር የሚጽፈው፥ ዕቃው ሲመጣም ተረክቤአለሁ ብሎ የሚፈርመው እርሱ ነውና፥ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

የጌዴኦ ምድር በዛፍ የታወቀ ነው። ቡናውና እንሰቱ ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበት ይህ መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዋንዛም ለበርና ለመስኮት፥ ለጠረጴዛና ለቁም ሣጥን የተመረጠ እንጨት ነው። ሳንቃውን በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ማለስለስ ግን ክንድ የሚያዝል ሥራ ነው። ባለ ከበሮው ማለስለሻ መኪና ይህን ድካም ያቃልላል፤ የብርጭቆ ወረቀት የተጠመጠመበት ከበሮ በሞተር እየዞረ፥ ከሥሩ የሚያልፈውን ሳንቃ ፍቆ ያለሰልሳል።

ከሳንቃው ጋራ ግን ብዙ አቧራ ይወጣል። የመጋዝ ሰጋቱራ ወፍራም ስለ ሆነ አብዛኛው መሬት ይወድቃል፤ ከከበሮው የሚወጣው ግን እንደ ዱቄት የላመ በመሆኑ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቈያል፥ ከሰው ሳንባም ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1987 ዓ.ም. የእንጨትን አቧራ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ተራ መድቦታል፤ በተለይም የአፍንጫን ካንሰር። በዲላ ደግሞ ዝናቡ ሲበረታ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ቤቱ በአቧራ ይታፈናል። ስለዚህ አቧራ መምጠጫው ከማለስለሻው መኪና ጋራ በአንድ ወረቀት ይጠየቅ፤ ለሚመጣው ዓመት በጀት አይተላለፍ። ቱቦው አጭርና ብዙ የማይጠማዘዝ፥ ከረጢቱም ሳይሞላ የሚራገፍ ይሁን። ለሠራተኛው የአፍንጫ መሸፈኛ ብቻ ሰጥቶ ግዴታዬን ፈጸምሁ ማለት ራስን ማታለል ነው።

አቧራው እሳትም አለበት። በአሮጌ ሳንቃ ውስጥ የቀረ ምስማር ከከበሮው ጋራ ሲጋጭ ብልጭታ ያወጣል፤ ብልጭታውም ከአቧራው ጋራ ተመጥጦ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። እሳቱ የሚነሣው ሠራተኛው ቤቱን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ኤሌክትሪኩን በሚመለከት፥ ከፍተኛ ጕልበት ያላቸው ማለስለሻዎች አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ፌዝ የሚሠሩ ናቸው። ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ሞተሩ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ከበሮው ሳንቃውን ሲነካ መዞር ያለበት ሳንቃው ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው፤ አለዚያ ሳንቃውን ነጥቆ ይወረውረዋል። ስለዚህ ሽቦው እንደ ተገናኘ እንጨት ሳይገባ ለቅጽበት አስነሥቶ አዟዟሩን መመልከት ያስፈልጋል። የመሬት ሽቦውም አይረሳ።

መብራት መቋረጡን ሁላችንም እናውቀዋለን። መብራቱ ሲሄድ ሠራተኛው ማብሪያውን ሳያጠፋ የታነቀውን ሳንቃ ለማውጣት እጁን ቢያስገባ፥ መብራቱ ድንገት ሲመለስ ከበሮው አብሮ ይነሣል። ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ኀይል ሲቋረጥ በራሱ የሚዘጋና ሰው እንደ ገና ካልተጫነው በቀር የማይነሣ ማብሪያ ይሠራል። በግዥው ዝርዝር ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው።

ቦታውንም አስቡበት። ከመኪናው ፊትና ኋላ የረዥሙን ሳንቃ ያህል ባዶ ስፍራ ይተው፤ ሠራተኛው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ የሚቆምበትም ይኑር። የብርጭቆ ወረቀቱ ሲለወጥ ሶኬቱ ይነቀል። የቺንጋው ክዳን በምንም ምክንያት አይነሣ፤ የቡና መፈልፈያ ሲሠራ እያየ ያደገ የጌዴኦ ሰው የሚዞር ቺንጋ ምን እንደሚያደርግ ነጋሪ አያሻውም። የእጅ ጓንትና የተንዘረፈፈ ነጠላም ከዚህ መኪና አጠገብ ቦታ የላቸውም። ለጉብኝት የሚመጣ ሹምም ክራባቱን ወደ ሸሚዙ ውስጥ ቢያስገባ ክብሩ አይቀንስም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ መኪናው ዲላ ሲደርስ ርክክቡ ሣጥን በመቍጠር አይለቅ። ኤሌክትሪክ ሠሪው ባለበት መምጠጫው በርቶ ይታይ። ከዚያም መኪናው ባዶውን እየዞረ ሳለ ዋናው ኀይል ይዘጋ፤ ከበሮው ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ኀይሉ እንደ ገና ይከፈት። መኪናው ባይነሣ ፈርሙ፤ በራሱ ቢነሣ ግን ወረቀቱን ሳትፈርሙ መልሱ።