ድምፅ መስጠት ለውጥ ያመጣልን?



«አንዲት ወረቀት ሣጥን ውስጥ ብትገባ ምን ይለወጣል?» የሚሉ አሉ። እኛ የአሞራ ገደል ልጆች ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በዚሁ ጥያቄ ሰበብ በከተማችንና በአካባቢው የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረትም ተቃጠለ። ከአራት ወር በኋላ ግን፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ያው ጥያቄ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንዳይቸገር ሻፌታና ጎጆ ምልክት ሆኑ፤ ሻፌታ ክልል እንሁን ለሚሉ፣ ጎጆ በነበርንበት እንቆይ ለሚሉ። 98.5 በመቶው ሻፌታን መረጠ፤ በሰኔም ሲዳማ 10ኛው ክልል ሆነ። ዱላ ያልፈጸመውን ወረቀት ፈጸመው።

ይሁን እንጂ ክልል መሆን ብቻውን ቧንቧ አይዘረጋም፤ ለሥራ ፈላጊም ሥራ አይሰጥም። የሐይቃችን ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ከጣሉ በኋላ ተመልሰው ይጎትቱታል እንጂ ጥለውት አይቀሩም። ድምፅም እንዲሁ ነው፤ ከሰጡት በኋላ «ከምን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ደግሞም ሐዋሳ የብዙዎች ከተማ ናትና ጎጆን የመረጠውም ጎረቤታችን ነው፤ እርሱ ካልተከበረ ለውጡ ጎደሎ ይሆናል።

ያን ጊዜ ልጆች ነበርን፤ አሁን 18 ዓመት ሞልቶናል። እንግዲህ ካርዳችንን እንውሰድ፤ ድምፃችንን እንስጥ፤ ከሰጠንም በኋላ አንተኛ።