ጥያቄው ሲመለስ ጠያቂው ለምን ይታሰራል?

(ለተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በመካከላችን የቻይና ነገር በተነሣ ቍጥር ክርክሩ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንዱ ወገን መንገዱን፣ ፋብሪካውንና ከድህነት የወጣውን ሕዝብ ቈጥሮ «ከዚህ የበለጠ ምን ነጻነት አለ?» ይላል። ሌላው ወገን እስረኛውን ቈጥሮ «ያ ሁሉ ብልጽግና ምን ይረባል?» ይላል። እኔ ዛሬ የቆምኩት በሁለቱ መካከል የተረሳ የሚመስለኝን አንድ ነገር ለማንሣት ነው። ይኸውም የቻይና መንግሥት ሕዝቡ የጠየቀውን ነገር ብዙ ጊዜ ይሰጣል፤ የጠየቀውን ሰው ግን ይቀጣል የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው እንደ እኛ ካሉ ተማሪዎች ነው። በሜይ 4 ቀን 1919 ሦስት ሺህ ያህል የፔኪንግ ተማሪዎች ቲየናንመን በተባለው በር ፊት ተሰበሰቡ። የፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ጀርመን በሻንዶንግ የነበራትን መብት ለቻይና በመመለስ ፈንታ ለጃፓን መስጠቱን ተቃወሙ። ብዙዎቹ ተያዙ። ነገር ግን ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ሠራተኛው ሥራውን አቁሞ ስለ ደገፋቸው እስረኞቹ ተፈቱ፤ የቻይና መልእክተኞችም የቬርሳይን ውል ሳይፈርሙ ቀሩ። የዚያ እንቅስቃሴ አንቀሳቃሾች የነበሩት ቼን ዱሺዩና ሊ ዳጃው በ1921 የተቋቋመውን ኮሙኒስት ፓርቲ ከመሠረቱት ዋነኞቹ ናቸው። እንግዲህ ዛሬ በሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ ራሱ የተማሪዎች ሰልፍ ልጅ ነው ማለት ነው። ጥያቄ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከማንም ይልቅ እርሱ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ይፈራል።

አሁን ወደ ኑሮው እንምጣ። የቻይና ሰው የግል ኑሮ ከማኦ ዘመን ጋር ሲነጻጸር እጅግ እንደ ሰፋ መካድ አይገባም። እስከ 2003 ድረስ አንድ ሠራተኛ ለማግባት ሲፈልግ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማምጣት ነበረበት፤ በዚያ ዓመት ይህ ግዴታ ቀረ። አንድ ልጅ ብቻ ውለዱ የሚለው ሕግም ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቈየ በኋላ በ2016 ሁለት፣ በ2021 ደግሞ ሦስት ተፈቀደ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አንድም ሲባል ሦስትም ሲባል ቍጥሩን የሚወስነው መንግሥት እንጂ እናቲቱ አይደለችም። በፈቃድ የተገኘ ነገር ፈቃጁ ሲለወጥ ይለወጣል። መብት የሚባለው ግን ፈቃጅ የሌለው ነው።

ጠያቂው ምን እንደሚደርስበት በሁለት ምሳሌ ላስረዳ። በማርች 2015 አምስት ወጣት ሴቶች ለሴቶች በዓል በአውቶቡስና በባቡር ሴቶችን የሚያስቸግሩትን ወንዶች የሚነቅፍ ተለጣፊ ወረቀት ለማደል ተዘጋጁ። ገና ወረቀቱን ሳያድሉ ተያዙና 37 ቀን ታሰሩ። ከመካከላቸው በቤት ውስጥ ድብደባ ላይ ሕግ እንዲወጣ ሲሟገቱ የቈዩ ነበሩ፤ ሕጉም በማርች 2016 ሥራ ላይ ዋለ። 

ሁለተኛው የ2022 ነው። በኖቬምበር 24 ቀን በኡሩምቺ ከተማ አንድ መኖሪያ ሕንጻ ተቃጥሎ መንግሥት ራሱ እንደ ተናገረው 10 ሰዎች ሞቱ። ከተማው በኮቪድ ምክንያት ከሦስት ወር በላይ ተዘግቶ ስለ ነበር ብዙ ሰው «እንዳይወጡ የከለከላቸው አጥሩ ነው» ብሎ አመነ፤ ባለ ሥልጣኖቹ ግን ካዱ። በሻንጋይ፣ በፔኪንግ፣ በናንጂንግ ወጣቶች ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ይዘው ወጡ። በዲሴምበር 7 መንግሥት የመዝጋቱን ደንብ አላላ። ወረቀት ከያዙት አንዳንዶቹ ግን ወራት በእስር ቈዩ። ጥያቄው ተመለሰ፤ ጠያቂው ታሰረ።

ከቶ ያልተመለሰ አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ እርሱም የመጠየቅ መብት ራሱ ነው። በ1957 ምሁራን ያለ ፍርሃት እንዲተቹ ከተጋበዙ በኋላ ከ550 ሺሕ በላይ ሰዎች «ቀኝ ዘመም» ተብለው ተቀጡ። በ1978 በፔኪንግ በአንድ ግንብ ላይ ሐሳባቸውን መለጠፍ ከጀመሩት አንዱ ዌይ ጂንግሼንግ ዴሞክራሲ ያስፈልገናል ብሎ ስለ ጻፈ በ1979 አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት። በ1980ም በግድግዳ ላይ ጽሑፍ የመለጠፍ መብት ከሕገ መንግሥቱ ተፋቀ። በ1989 ተማሪዎቹ መንግሥት ከእነርሱ ጋር እንዲነጋገር ጠየቁ፤ በጁን 3 ሌሊት የመጣላቸው መልስ ታንክ ነበር። ሊዩ ሺያዎቦ ስለ መብት በተጻፈ ሰነድ ምክንያት በ2009 አሥራ አንድ ዓመት ተፈረደበት። በ2010 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጠው በኦስሎ በስሙ የተቀመጠው ባዶ ወንበር ነበር፤ በ2017ም እስረኛ እንደ ሆነ ሞተ። ይህ ሁሉ የሆነው የ1982ቱ ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ የንግግር፣ የጽሕፈት፣ የስብሰባና የሰልፍ ነጻነት ለዜጋው ሁሉ እንዳለ ጽፎ ሳለ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ለተራበ ሰው እንጀራ ይቀድማል፤ ንግግር ቈይቶ ይደርሳል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በዓለም ባንክ ስሌት በአርባ ዓመት ውስጥ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ የቻይና ሕዝብ ከከፋ ድህነት ወጥቷል፤ ይህን የሚንቅ ሰው ራብን የማያውቅ ነው። ዳሩ ግን እንጀራውን ራሱ የሚጠብቀው ምንድን ነው? በ1959 የመከላከያ ሚኒስትሩ ፔንግ ዴኋይ «ታላቁ እመርታ» የተባለው ዕቅድ ስሕተት እንዳለበት ለማኦ በደብዳቤ ገለጸ። ወዲያው ተሻረ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለመናገር የደፈረ ጥቂት ነበር፤ የአውራጃ ሹማምንትም ያልተመረተውን እህል እንደ ተመረተ አድርገው ጻፉ። ራቡ እስከ 1961 ቈየ፤ የሞተውም ሕዝብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠር ነው። በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በቻይና ግን ዝምታው ነቀዘ፤ ጎተራውንም ባዶ አደረገው። ይልቅስ የሚስማማው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ነው። በ2020 መጀመሪያ የዉሃኑ ሐኪም ሊ ዌንሊያንግ ስለ አዲሱ በሽታ ባልንጀሮቹን ስላስጠነቀቀ ፖሊስ ወቀሰው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው በሽታ ሞተ። ፖሊስ ወቀሳውን ያነሣው ከሞተ በኋላ ነው።

ስለዚህ ንግግር ከእንጀራ በኋላ የሚመጣ ቅንጦት ሳይሆን የእንጀራው ዘበኛ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድን መንግሥት ስንመዝን «ምን ሰጠ?» ብቻ ብለን አንጠይቅ፤ «የጠየቀው ሰው ማታ ቤቱ ገባ ወይ?» ብለንም እንጠይቅ። ነጭ ወረቀት የያዙት ወጣቶች አንድ ቃል አልጻፉም፤ ፖሊሱም አላፊ አግዳሚውም ግን አነበበው። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር መጻፍ ወንጀል በሆነበት አገር ባዶ ወረቀትም ይነበባል።

የማትስማሙ ብዙዎች እንደምትኖሩ እገምታለሁ፤ መድረኩ የእናንተ ነውና ተነሥታችሁ ተከራከሩኝ።