ከነቀላ መልስ



የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለአገልግሎት ሲወጡ ከበሮው፣ እልልታውና ሽኝቱ ብዙ ነው። ሲመለሱ ግን የሚቀበላቸው ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ የእምቦጭ አረም ነቀላ ዘመቻ ሲካሄድ፣ የፎገራም ዳርቻ ከዘመቻው ቦታዎች አንዱ ነበር። ከእንዲህ ያለ ሥራ የሚመለስን ወጣት አስቡት፦ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ መዳፉ የተላላጠ፣ ድምፁ የሰለለ። መኪናው በሩዝ ማሳ መካከል እየተንገጫገጨ ወረታ ይደርሳል። እዚያ መንገዱ ለሦስት ይከፈላል፤ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደብረ ታቦር። ግማሹ ልጅ ተኝቷል። ከኋላ ወንበር አንዷ መዝሙር ታነሣለች፣ የነቃው ይቀበላታል፤ የተረፈው ዳቦ ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በአንድ ዘመቻ አያልቅም፤ እነዚህን ልጆች ደግመን እንፈልጋቸዋለን። እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆቻችሁ ሲገቡ የእግር ውኃ አቅርቡላቸው። ያዩትንም ጠይቋቸው፦ ዓሣ አጥማጁ መረቡን የት ይጥላል? የገበሬው ከብት የት ይግጣል? ቀጣዩ ነቀላስ መቼ ነው?