የሮማ የውኃ ቦዮችና የአንድ ሹም ሒሳብ



ሰው ሠራሽ የውኃ ቦይ ሲነሣ በብዙዎች ዓይነ ኅሊና የሚደቀነው በደቡብ ፈረንሳይ በጋርዶን ወንዝ ላይ የቆመው፣ ከፍታው 49 ሜትር ያህል የሆነው ባለሦስት ደርብ የድንጋይ ድልድይ ነው። ድልድዩ ግን ከሥራው ለዓይን የተገለጠው ጥቂት ክፍል ነው። ወደ ኒም ከተማ ውኃ ያደርስ የነበረው ቦይ ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጠቅላላ ዝቅታው 12.6 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ 25 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪዩስ ለዚህ ዓይነቱ ልኬት የሚመክረው መሣሪያ ኮሮባቴስ ይባላል። እርሱም 20 ጫማ የሚረዝም፣ በጎኑ ቱንቢ የሚንጠለጠልበት፣ ነፋስ ቱንቢውን ባወዛወዘው ጊዜ ደግሞ በጀርባው በተቀረጸው ፈለግ ውኃ የሚጨመርበት ሳንቃ ነው። ግንበኞቻችን ዛሬም «ውኃ ልክ» የሚሉት ነገር ሐሳቡ ያው ነው።

በሮማ ከተማም ቢሆን አብዛኛው ቦይ የሚሄደው በመሬት ውስጥ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ144 ዓመት የተጀመረው የማርኪያ ቦይ ከ91 ኪሎ ሜትር ርዝመቱ 80 ያህሉ ከምድር በታች ነው። በቦዩ ዳርና ዳር ሕጉ ክፍት ቦታ እንዲተው ያዝዝ ነበር፤ የዛፍ ሥር ግንቡን ይሰነጥቃልና።

ይሁን እንጂ ቦይ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ችግር ከግንባታው ይብሳል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ97 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኔርቫ ሴክስቱስ ዩሊዩስ ፍሮንቲኑስን የሮማ ውኃ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ፍሮንቲኑስ አስቀድሞ ብሪታንያን በአገረ ገዥነት ያስተዳደረ ሰው ነው። ለውኃ ሥራ አዲስ ቢሆንም፣ አንድ ሹም የበታቾቹ በነገሩት ብቻ ሥራውን ሊመራ ነውር ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ ዘጠኙን ቦዮች ራሱ እየዞረ መረመረ፤ ያገኘውንም በመጽሐፍ ጻፈ።

መዝገቡን ሲያገላብጥ እንግዳ ነገር ገጠመው። ገቢው 12,755 ኩዊናሪያ ተብሎ ሲጻፍ፣ የተከፋፈለው 14,018 ይላል። ከገባው የወጣው በ1,263 በለጠ። ወደ ቦዮቹ አፍ ሄዶ ሲለካ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ገቢው ከመዝገቡ 10,000 ያህል ኩዊናሪያ በልጦ ተገኘ። በማርኪያ ብቻ በመዝገብ 2,162 የተባለው በልኬት 4,690 ሆነ።

ይህ ሁሉ ውኃ የት ገባ? የፍሮንቲኑስ መልስ አጭር ነው፤ ተሰርቋል። ማስረጃም አላጣም። ለእያንዳንዱ ባለፈቃድ በቧንቧው መግቢያ ማኅተም ያለበት የነሐስ አፍ ይተከልለት ነበር፤ ነሐስ የተመረጠውም እንደ እርሳስ በቀላሉ ስለማይሰፋ ነው። ሹሙ ግን ከተፈቀደው የሰፉ፣ ማኅተምም የሌላቸው አፎች አገኘ። በመንገድ ሥር የሚያልፉ ቧንቧዎች ተበስተው ለየሱቁ ውኃ ሲሸጥባቸውም ደረሰበት። ጥፋቱ በውኃ ሠራተኞች ላይ ወደቀ፤ በዚህ አገልግሎት የተመደቡት 700 ያህል ሰዎች ባሮች እንደነበሩ ልብ ይሏል።

ስርቆቱ እውነት ነበር። የስርቆቱ መጠን ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ግን በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ አይጸናም። ኩዊናሪያ ማለት ወርዱ 2.3 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቧንቧ የአፉ ስፋት ነው፤ ውኃው በምን ፍጥነት እንደሚያልፍበት አይናገርም። ያው አንድ ውኃ ቦዩ ቁልቁል በሚበረታበት ሲፈጥን ይሳሳል፤ ለጥ ባለበት ሲዘገይ ይሞላል። በአንደኛው ስፍራ የተለካውን ስፋት ከሌላው ስፍራ ስፋት ቀንሶ ልዩነቱን «የጠፋ» ማለት፣ የሚሮጠውንና የሚያዘግመውን ሰው በርምጃ ብዛት እንደ ማወዳደር ይቆጠራል። በዚህ ሒሳብ ያልሰረቀ ሰው ሌባ፣ የሰረቀውም ንጹሕ ሊባል ይችላል።

የሚያስገርመው ፍሮንቲኑስ ነገሩን ጨርሶ አልሳተውም። በኃይል ከሚወርድ ውኃ የተቀዳ ቧንቧ ከልኩ በላይ እንደሚሰጥ፣ አፉ ከወራጁ ፊት ለፊት ሲተከል ብዙ፣ ወደ ጎን ሲዞር ጥቂት እንደሚወስድ ራሱ ጽፏል። ያየውን ግን ወደ ሒሳቡ አላስገባውም።

በአገራችን የመስኖ ገበሬ ይህ ጭንቅ የለበትም። የውኃ አባት የሚያከፋፍለው የቧንቧ አፍ እየለካ ሳይሆን በተራ ነው፤ ተራው የደረሰ ሰው ቦዩን ለጊዜው ወደ ማሳው ይመልሳል። ቦዩ ቢፈጥንም ቢዘገይም የሚቆጠረው ሰዓቱ ነው። ሮማውያን ግን ውኃው ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ እንዲፈስ ስለ ፈለጉ፣ የአፍ ስፋት ሌላ መቁጠሪያ አላበጁም።

የፍሮንቲኑስ መጽሐፍ ተረስቶ ኖሮ፣ በ1429 ጣሊያናዊው ፖጆ በሞንቴ ካሲኖ ገዳም አገኘው። ውኃ በስፋቱና በፍጥነቱ ብዜት እንደሚለካ በግልጽ ያስረዳው ግን የጋሊሌዮ ደቀ መዝሙር ቤኔዴቶ ካስቴሊ ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው በ1628 ነው። በሮማ መዝገብ የሠፈረው ኩዊናሪያ በቀን ስንት ሊትር እንደሚሆን ለማወቅ የተጣጣሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የማይስማሙት፣ የጎደለው ያው ፍጥነቱ ስለሆነ ነው።