«ፎልስ» ተጽፎ «ትሩ» ሲሆን

እሷ፦ የፓይተን ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የኮንፊግ ፋይሉ ላይ «ፎልስ»፣ ማለትም ሐሰት፣ ብለው ይጽፋሉ፤ ፕሮግራሙ ግን «ትሩ»፣ እውነት፣ እንደተባለ ሆኖ ይሠራል። ምን ነክቶት ነው?

እሱ፦ ፋይሉን የሚያነብልሽ የፓይተን ላይብረሪ፣ ኮንፊግፓርሰር፣ ያነበበውን ሁሉ በጽሑፍነቱ ነው የሚመልስልሽ፤ ቁጥሩንም ጭምር። ፓይተን ደግሞ ባዶ ያልሆነን ጽሑፍ ሁሉ እውነት ነው ይላል፤ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ጉዳዩ አይደለም። «ጌትቡሊያን» ብለሽ ከጠየቅሽው ግን «ፎልስ»ንም፣ «ኦፍ»ንም፣ ዜሮንም ሐሰት ብሎ ይሰጥሻል። የማያውቀው ቃል ከመጣበት ስህተት ብሎ ይቆማል።

እሷ፦ ታዲያ ላይብረሪው ራሱ ገምቶ ለምን አይገላግለንም?

እሱ፦ የሚገምተውንማ አየነው! ያምል የሚባለውን የኮንፊግ ፋይል አጻጻፍ ውሰጂ። በ1.1 ደንቡ «ኖ» ማለት ሐሰት ነው። የአገር መለያዎች ስትዘረዝሪ የኖርዌይን ኤን ኦ ያለ ትምህርተ ጥቅስ ከጻፍሽው፣ አገሪቱ «ፎልስ» ሆና ቁጭ ትላለች።

እሷ፦ ምስኪን ኖርዌይ! እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው 1.2 አላስተካከለውም እንዴ?

እሱ፦ አስተካክሏል፤ ያምልን ለፓይተን የሚያነበው ላይብረሪ፣ ፓይያምል፣ ግን ዛሬም የድሮውን ነው የሚከተለው። እኔ ከሚገምትልኝ የሚያስለፋኝ ይሻለኛል።

እሷ፦ አንተ ፕሮግራመር ስለሆንክ ነው። ፋይሉን የሚሞላው ሌላ ሰው ቢሆንስ?