ክብደት ለመቀነስ የትኛውን መንገድ እንምረጥ?

በቤክስሊ፣ ኦሃዮ፣ ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የቀረበ ዲስኩር



በሐምሌ ቅዳሜ፣ ሰው ልጆቹን ይዞ ፓርክ በሚወርድበት ሰዓት፣ እዚህ አዳራሽ ተቀምጣችሁ ልታዳምጡኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሌሊት ሺፍት ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁም እንዳላችሁ ዓይናችሁ ይናገራል፤ ብታንቀላፉ አልቀየምም። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «የትኛው ዳይት እንደሚሻል ቁርጡን ንገሪን» ነው ያሉኝ። እነግራችኋለሁ። ነገር ግን በሥነ ምግብ ባለሙያነት ስሠራ ልቤን የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ የጾም ማዕዳችን። ወደ እሱ ማጋደሌ አይቀርም።

አስቀድመን የምንኖርበትን ሰፈር እንይ። ቤክስሊን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ብሮድ ስትሪትን ወደ ምዕራብ ብትከተሉት መሐል ኮሎምበስ ያደርሳችኋል። እዚያው ጎዳና ላይ ዴቭ ቶማስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1969 የመጀመሪያውን ዌንዲስ ከፈተ። ትንንሽ በርገሮቹን በከረጢት የሚሸጠው ዋይት ካስል ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደዚህ ከተማ ያዛወረው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። አገር ቤት ላሉ አረጋውያን ወላጆቻችን በሻንጣ የምንወስደው ኤንሹር እንኳ፣ የሚያመርተው የአቦት የሥነ ምግብ ክፍል መቀመጫው ኮሎምበስ ነው። እናታችን እንድታገግም የምንልክላት ጣሳም፣ እኛ ከሥራ ስንመለስ በመኪና መስኮት የምንቀበለው ከረጢትም የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው። እዚህ መሐል የሚኖር ሰው «ራሴን መግዛት አቅቶኝ ወፈርኩ» ሲለኝ አልቀበለውም። በአሜሪካ ከ10 ዐዋቂዎች 4ቱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለባቸው። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ዘመን ተነሥቶ ራሱን መግዛት አልተሳነውም፤ የሚበላው ነገርና የሚውልበት ሥራ ነው የተለወጠው።

ለእኛ ደግሞ ውፍረት እንከን የሆነው ትናንት ነው። በደቡብ ኦሞ ቦዲዎች ካኤል በሚሉት በዓላቸው፣ ለወራት ወተትና የከብት ደም እየጠጡ የወፈሩ ወንዶችን ያወዳድራሉ፤ አሸናፊው በማኅበረሰቡ ዘንድ የተከበረ ነው። እኛ ከተሜዎቹ ከዚያ ብዙ የራቅን አይምሰላችሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የከሳ ሰው ምን ይባል እንደነበር በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰው በጉንፋን እንኳ ቢከሳ ሐሜቱ ከቤቱ ቀድሞት ይደርስ ነበር። ቦርጭ የጤናም የሀብትም ምስክር ወረቀት ነበር። ዛሬም ለእረፍት አገር ቤት ስትገቡ አክስት በር ላይ «ተመስገን፣ አሜሪካ ተስማምቶሻል!» ትላለች። ተመልሳችሁ ስትመጡ ሐኪሙ ያንኑ ሰውነት አይቶ የደም ምርመራ ያዛል። ሁለቱን በአንድ ክረምት የሰማ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ሆኑ። በዚያው በ2016 ከመቶ 22ቱ ከልክ በታች ቀጫጭን ነበሩ። ረኃቡ ሳይወጣ ውፍረቱ ገባ ማለት ነው። ስደት ላይ ምን እንደሚከተል ደግሞ ከእኛ በፊት ያዩት አሉ። በሙሴ ዘመቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85፣ ወደ እስራኤል የገቡት ወገኖቻችን ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 «ዳያቢቲስ» በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ግን፣ ጥቂት ዓመታት ብቻ የኖሩ ወጣቶች ላይ ከመቶ 9 የሚጠጋ ስኳር አገኘ። ዘር በአራት በአምስት ዓመት አይለወጥም። የተለወጠው ማዕዱና የእግር መንገዱ ነው።

አሁን ወደ ጾሙ ልግባ። አባ ፊት ለፊቴ ስለተቀመጡ በጥንቃቄ ነው የምናገረው። ጾም ለወገብ ቅጥነት አልተሠራም፤ እኔም ክብደት ለመቀነስ ጹሙ አልልም። የምጠይቀው፣ እየጾምን ያለነው ሰዎች ከሥርዓቱ የትኛውን ይዘን የትኛውን እንደተውን ነው።

ቤተ ክርስቲያን 7 አጽዋማት አሏት። ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ካህናትና መነኮሳት እስከ 250 ቀን ይጾማሉ። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ሥርዓቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መከልከል፣ እና እስከ ተወሰነ ሰዓት እህል ውሃ አለመቅመስ። እናቶቻችን ቅዳሴ ወጥተው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነበር አፋቸውን የሚሽሩት። ስደት ላይ ቀድሞ የቀረው ሰዓቱ ነው። አልፈርድም። ግሮቭፖርት ዌርሀውስ ውስጥ 10 ሰዓት ቆሞ ሳጥን የሚያነሳ ሰው የሚበላው የ30 ደቂቃ ብሬክ ሲሰጠው ነው፤ ያኔ ካልበላ ሌላ ዕድል የለውም። ሰዓቱ ሲቀር በእጃችን የቀረው የምግብ ዝርዝሩ ብቻ ሆነ። ዝርዝሩ ደግሞ ቅቤ ይከለክላል እንጂ ዳቦ፣ የድንች ጥብስ፣ ሳንቡሳና ኮካ አይከለክልም። አንድ የኮሌጅ ተማሪ ኦሪዮ ብስኩት ወተት እንደሌለበት ማሸጊያው ላይ አንብቦ፣ ሁዳዴን ግማሹን በኦሪዮ እንደገፋው በኩራት ነግሮኛል። እየሳቃችሁ ነው፤ ከመካከላችሁ የሚያውቀው ያለ ይመስላል። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም አትሳቁብን። እናንተ በረመዳን ሰዓቱን በሚገባ ጠብቃችሁ፣ በማፍጠሪያው ላይ በሳንቡሳና በጣፋጭ ታካክሳላችሁ።

የጾሙ ትልቁ ጉዳይ ግን ዘይት ነው። ዋይትሆል የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ሲሠሩ ልመለከት ፈቅደውልኝ ወጥ ቤታቸው ገባሁ። ስኳራቸው ከፍ ብሎ «በጾም ጭራሽ እወፍራለሁ፣ ምን ጉድ ነው?» ብለው የመጡ ናቸው። የአራት ሰው ሽሮ ሊሠሩ ሽንኩርቱን ድስት ላይ ጣሉ፤ ጋሎኑን አነሡ። «እንደወትሮዎ ይቅዱት፣ ግን መጀመሪያ በዚህ መለኪያ ኩባያ» አልኳቸው። ቀዱ፤ ኩባያው ጢም አለ። ኩባያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ለሽሮ ብቻ እኮ ነው፤ ጎመኑ ገና ነው» አሉ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 120 ካሎሪ አለው። ያ ኩባያ ሙሉ 1,900 ካሎሪ ይሆናል። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሰው ከ470 በላይ፤ ሽሮው፣ እንጀራው፣ ጎመኑ ሳይቆጠር። የሱፍ ይሁን የወይራ፣ ለልብ ልዩነት አለው፣ ለሚዛን ግን የለውም። ቅባት ሁሉ በግራም 9 ካሎሪ ነው፤ ስታርችና ፕሮቲን 4 ናቸው። አንድ ሰው እዚህ አለም ክሪክ ዳር አንድ ሰዓት ሙሉ ቢራመድ የሚያቃጥለው ከሁለት ወይም ከሦስት ማንኪያ ዘይት ብዙም አይበልጥም። መራመዱን ለልባችሁና ለስኳራችሁ ስትሉ አትተዉት፤ ኩባያውን ያጸዳልኛል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

እንዴት እዚህ ደረስን? በደርግ ጊዜ ለቀበሌ ዘይት የተሰለፈ ሰው ማንኪያ አይደፋም ነበር። ኑግ ቢገኝ በጠብታ ነው። እዚህ ጋሎኑ ርካሽ ነው። ግን የዋጋው ነገር ግማሹ ነው፤ ሌላውን ግማሽ የነገሩኝ እኚሁ እናት ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ የእናታቸውን አሠራር አሳዩኝ። ሽንኩርቱ ደቀቅ ብሎ ይከተፋል። ድስት ውስጥ ያለ ዘይት ደረቁን ይቁላላል፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ይደረግበታል፣ ይማሰላል፣ እንደገና ጠብ። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ሽንኩርቱ ሲሟሟ በርበሬው ይገባል፤ እሱም በውሃ ጠብታ ይበስላል። ዘይቱ በመጨረሻ ይመጣል፣ ሦስት ማንኪያ። ቀምሻለሁ፤ ከበፊቱ ይጣፍጣል። ታዲያ ለምን ተዉት አልኳቸው። «ልጄ፣ ይህ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ እገባለሁ። በዘይት ሲሆን በሃያ ደቂቃ ያልቃል» አሉኝ። ዘይት የጊዜን ቦታ ነው የተካው። ሁለት ሥራ የሚሠራን ሰው «ዘይት ቀንስ» ብሎ ማሰናበት፣ የሌለውን አንድ ሰዓት አምጣ ማለት ነው። ለእሳቸው መፍትሔው እሑድ ቁሌቱን በትልቅ ድስት አብስለው፣ በትንንሽ ዕቃ እየከፈሉ ፍሪዘር ማስገባት ሆነ። ዳይት ብላችሁ የምትጠሩት ነገር በእሳቸው ቤት ይህን ይመስላል።

ስለ ጤፍ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ብረትና ፋይበር አለው። እዚህ ፈረንጆቹ እንደ መድኃኒት ሲያወሩለት እኛም አመንን። 100 ግራም ደረቅ ጤፍ ግን 367 ካሎሪ ነው፣ ከስንዴ ብዙ አይለይም። በዚያ ላይ እዚህ የምንገዛው ብዙው እንጀራ ስንዴና ገብስ የተቀላቀለበት ነው። እንጀራ አትብሉ የሚላችሁን አትስሙት። ሁለተኛውን እንጀራ ግን የሚያስበላችሁ ረኃብ ይሁን፣ ትሪው ላይ የተረፈው ወጥ ይሁን፣ እዩት።

ሰዓቱን ብንመልስስ? ዛሬ ዩቲዩብ ላይ «ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ» እያሉ የሚሸጡልንን አያቶቻችን ያለ ክፍያ ያደርጉት ነበር፤ ይህን ስል ብዙዎቻችሁ ደስ ይላችኋል። ደስታችሁን ትንሽ ልቀንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ የጓንግዡ፣ ቻይና ጥናት 139 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ሁለቱም ወገን የምግቡን መጠን ለአንድ ዓመት ቀነሰ፤ አንደኛው በተጨማሪ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ከሰዓት አሥር ሰዓት ብቻ በላ። ሁለቱም ከሱ፤ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ሰዓት መጠበቅ የሚሠራው በጠቅላላው የምንበላውን ሲቀንስልን ነው። ጾሙን ሲፈታ የሁለት ቀን ያህል የሚበላ ሰው፣ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ መቆየቱ ለነፍሱ እንጂ ለሚዛኑ አይረባውም።

ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ከ55 ቀን ጾም በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ዶሮው፣ ክትፎው፣ የክርስትናው ድግስ፣ ሠርጉ፣ የምረቃው ድግስ ሁሉ እዚያ ላይ ይከመራል። ታካሚዎቼን በሆሳዕና ሰሞንና በጰራቅሊጦስ ሰሞን ብመዝናቸው ሁለት ሰው ይመስሉኛል። ይህ የሆዳምነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውነት ክብደት ሲቀንስ የሚያቃጥለውን ይቆጥባል፣ የምግብ ፍላጎቱንም ይጨምራል፤ ተመራማሪው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ስሌት፣ ለወረደው ለእያንዳንዱ ኪሎ ፍላጎታችን በቀን ወደ 100 ካሎሪ ይጨምራል። አምስት ኪሎ የቀነሰ ሰው በየቀኑ አምስት መቶ ካሎሪ ከሚጠይቀው ሆዱ ጋር ይታገላል። ስለዚህ ማንኛውንም መንገድ ስትመርጡ የምጠይቃችሁ ስለ 55ቱ ቀን አይደለም፤ ስለ 50ው ቀን ምን አስባችኋል ነው።

አስተናጋጃችን ሰዓት እያሳዩኝ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ርእስ ገና አልነካሁትም። እሺ፣ በአጭሩ።

ስብ ልቀንስ ወይስ ስታርች? እ.ኤ.አ. በ2018 ስታንፎርድ 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ስታርች የቀነሱት 6 ኪሎ ወረዱ፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በሁለቱም ወገን በብዙ የከሳም፣ ጭራሽ የወፈረም ነበረ። እንግዲህ እናንተ የምትችሉትን ያዙ። ስኳር ሊጀምራችሁ ነው ከተባላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ትልቁን የአሜሪካ ጥናት ያዙልኝ። ከ3,200 በላይ ሰዎች ነበሩበት፤ ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ለስኳር የመጋለጥ ዕድላቸው በ58 በመቶ ወረደ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት በ31። ሰባት በመቶ ማለት 80 ኪሎ ለሆነ ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ሃያ ኪሎ አይደለም።

ክብደት የሚቀንሱት መርፌዎችም ይሠራሉ። ሴማግሉታይድ በ68 ሳምንት በአማካይ 14.9 በመቶ፣ ቲርዜፓታይድ በከፍተኛው መጠን በ72 ሳምንት 20.9 በመቶ ክብደት ቀንሰዋል። ነገር ግን ሴማግሉታይዱን ያቆሙት በአንድ ዓመት ውስጥ ካወረዱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። ኢንሹራንሳችሁ እስከ መቼ እንደሚከፍል ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ ከሰው እጅም አትግዙ። የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ተሰልቶ የሚወጣው መለኪያ (ቢኤምአይ) 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች፣ ስኳር ላለባቸው ደግሞ ከ30 ጀምሮ የሚታሰብ ነው። ነውር የለበትም፤ ተደብቃችሁ ባታደርጉት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ የቫይታሚን ክትትል አለው። ሽፈራው፣ ተልባ፣ ዝንጅብል በሎሚ፣ ቲክቶክ ላይ የሚሸጠው የቦርጭ ማጥፊያ ቀበቶ፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ምግብ ናቸው፣ ብሉ፣ ጠጡ። ቀበቶው ላብ ያወጣል፣ ላቡን ውሃ ስትጠጡ ትመልሱታላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልቀመጥ። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። ኢንሱሊን፣ ግሊፒዛይድ ወይም ግሊሜፒራይድ የሚወስድ ሰው ሰዓት ጠብቆ ለመጾም ካሰበ፣ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ስለሚችል፣ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ሳያስተካክል አይጀምር። ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ራሱ እንደሚያዝንለት አባ ከእኔ በተሻለ ይነግሯችኋል። የመድኃኒት ጠርሙሶቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከጥያቄው በኋላ በግራ በኩል ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ታገኙኛላችሁ። ከኋላ እጃቸውን ያነሡት እናት ይቅደሙ።